አይታወቅም ብዬ የጻፍኩት ስም

የወንድሜ ልጅ ሳራ ባለፈው ሳምንት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችና፣ «አንክል፣ ይሄ ቲ ደብሊው የሚባለው ሰውዬ ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኳት፣ ዓይኔን እንኳ ሳላሽ። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት እንዲህ ሲቀለኝ ሳይ ራሴን ታዘብኩት።

«ባገኘው የምለው ነበረኝ» አለችና ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ሳራ የሙዚየም ትምህርት ተማሪ ናት። አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም፤ በዚህ በእናቴ ወጥታለች።

አንባቢዎቼ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩላችሁ በደንብ ልትፈርዱብኝ አትችሉም።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲውን ከሁለተኛ ዓመት አቋርጬ፣ በሱዳን በኩል ለንደን ገብቼ፣ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ከጋሽ ተወልደ ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጋሽ ተወልደ የአስመራ ሰው ናቸው። ባቡር ጣቢያ ይሠሩ ነበር፤ አማርኛቸው ከእኔ ይልቅ የጠራ ነው፤ እኔን ደግሞ ከተከራይ ይልቅ እንደ ልጅ ነበር የሚቆጡኝ።

አገር ቤት እናቴና አንድ ወንድሜ ቀርተዋል። ዳንኤል ይባላል። በዕድሜ በሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ፣ በቁመት በአራት ጣት ይበልጠኛል፤ ይህንንም አንድ ቀን ሳያስታውሰኝ ውሎ አያውቅም።

አሁን ስለ ክታቡ ልንገራችሁ። ልጅ እያለሁ ሌሊት ሌሊት እየቃዠሁ ቤቱን ሁሉ ስለማስነሳ፣ እናቴ ቁመቴ እስኪያበቃ ጠብቃ አንድ ደብተራ ዘንድ ወሰደችኝ። ደብተራው ግድግዳ አስደግፎ በገመድ ለካኝ። ክታብ በሰውየው ቁመት ልክ ነው የሚቆረጠው። ብራናው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ካልደረሰ፣ ሳይሸፈን የቀረው የሰውነት ክፍል ለክፉ መንፈስ ክፍት ነው ይባላል። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም ይጻፍና የባለቤቱ የክርስትና ስም በቀይ ይገባበታል። ከዚያ ተጠቅልሎ፣ በተሰፋ የቆዳ ማህደር ገብቶ አንገት ላይ ይታሰራል። የእኔ የክርስትና ስም ተክለ አልፋ ነው። ያኔ ይህን ስም የሚያውቁት እናቴ፣ ዳንኤል፣ የንስሐ አባታችንና የጻፈው ደብተራ ብቻ ነበሩ። የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ ክፉ የሚያስብ ሰው ስምህን ከያዘ አንተንም ይዞሃል ተብለን ነው ያደግነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የአብዮት መጽሐፍ በብብቴ፣ ክታቡ በሸሚዜ ሥር ነበር። ሁለቱም አላዳኑኝም።

ከአገር በወጣሁበት ጠዋት አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኘኝ ዳንኤል ነው። ክታቡን አውልቄ አንገቱ ላይ አሰርኩለት።

«ይሄማ ያጥረኛል» አለ እየሳቀ። «እግሬ ውጭ ሊቀር ነው።»

«እግርህን አጠፍ አድርገህ ተኛ» አልኩት። የመጨረሻ ቃላችን ይኼው ነበር።

ለንደን በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ጋሽ ተወልደ አራት ሰዎች አስከትለው በሬን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት አምስት ሰው በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ቅዳሜን የመረጡት ሥራ ያለበት ሰው እንዳይቀር ነው፤ በስደት መርዶም ቀን ይጠብቃል። ዳንኤል ታስሮ ነበር፤ እናቴ ስንቅ ስታደርስ ከርማ አንድ ቀን «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው ልብሱን አስይዘው መለሷት። ያን ጊዜ የልብስ መመለስ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር። ለቅሶ ተቀመጥን፣ አርባውን አወጣን። እንባ ግን እንቢ አለኝ። ሬሳ አልታየ፣ መቃብር የለ፣ አየሁ የሚል ሰው የለ። ጋሽ ተወልደን አንድ ቀን «በእርግጥ ሞቷል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ልብሱ ተመልሷል» አሉኝ።

«ልብሱስ ተመለሰ። አንገቱ ላይ የነበረውስ?»

ያቺ ጥያቄ ከእኔ ጋር ስትተኛ ስትነሳ ከረመች።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ሙዚየም ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ያኔ ሙዚየሞች የዕቃ ካርዶቻቸውን ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ የጀመሩበት ጊዜ ነው። ምድር ቤት ባለች ክፍል፣ ጥቁር መስኮቱ ላይ አረንጓዴ ፊደል ከሚያበራ ማሽን ፊት ተቀምጬ፣ ከኢትዮጵያ የመጡትን ዕቃዎች ካርድ እያየሁ እመታለሁ። ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ርዝመት፣ የባለቤት ስም፣ መጨረሻ ላይ የእኔ የስሜ መነሻ ፊደላት። አለቃዬ ሚስስ ሃርት ካርዲጋኗን በመርፌ ቁልፍ የምትይዝ፣ ስድሳ ሊሞላት የደረሰ ቁጥብ ሴት ነበረች።

ከዕቃዎቹ መሃል አርባ ሦስት ክታቦች ነበሩ። ካርዶቹን የጻፉት ግዕዝ የማያነቡ ሰዎች ስለሆኑ፣ በስም ቦታ ላይ «ከዕቃው ላይ ይነበብ» ብለው አልፈውታል። የሚጠበቅብኝ እያንዳንዱን ክታብ ከሣጥኑ አውጥቼ፣ ዘርግቼ፣ ስሙን አንብቤ ማስገባት ነው። የተቀጠርኩትም ለዚሁ ነው።

አልዘረጋሁም። ካርዶቹን ብቻ እያየሁ፣ አርባ ሦስቱም ላይ «አይታወቅም» ብዬ መታሁ። ስንፍና አልነበረም፤ ስንፍና ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የሰው ክታብ አይከፈትም፤ የከፈተው ሰው በውስጡ የተዘጋውን ክፉ ነገር ይለቃል፤ ስሙማ ጭራሽ ከአፍ አይወጣም። እኔ እንግዲህ የማላውቃቸውን ሰዎች ስም ለፈረንጅ ማሽን አሳልፌ ልሰጥ ነው? ለሙታኑ ክብር የሰጠሁ መስሎኝ ቀና ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰባት ወር አለፈ። አንድ የኅዳር ሰኞ ሚስስ ሃርት ረጅም ወረቀት ይዛ ወረደች። ማሽኑን ዕቃዎቹን በስም ቅደም ተከተል አሰልፍ ብላው ኖሯል።

«አርባ ሦስት ሰው፣ አንድ ስም» አለችኝ። «ሁሉም አይታወቅም ይባላሉ። እነዚህ ነገሮች ላይ ስም እንዳለ አንድ የማውቃቸው ፕሮፌሰር ነግረውኛል። አላነበብካቸውም፣ አይደል?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩና «አዎ፣ አላነበብኳቸውም» አልኳት። ምክንያቱንም በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዳኋት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። የአንተ ሰዎች ስማቸው እንዲጠፋ ይሻሉ ወይስ እንዲታወቅ?»

እስከ ረቡዕ አርባ ሦስቱንም አንብቤ እንዳስገባ ነግራኝ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሣጥኖቹን ከፈትኩ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያውን ስዘረጋ፣ አንድ ያላሰብኩት ነገር ገባኝ። ክታቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው። ሁለተኛውን ከጎኑ ዘረጋሁ፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። አጫጭር ሴቶች፣ አንድ ረጅም ሰው፣ አንድ ሕፃን፣ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። በየብራናው አናት ላይ የተሳሉት ትልልቅ ዓይኖች ጣሪያውን ያያሉ። ወለተ ኪዳን፣ ገብረ መድኅን፣ አመተ ሚካኤል እያልኩ ስሞቹን አነባለሁ፤ የጠራኋቸው ሰዎች የመጡ ያህል ያን ምድር ቤት ብርድ ሞላው። ማሞቂያው እየሠራ እንደሆነ በእጄ ነክቼ አረጋገጥኩ። በየስሙ እያማተብኩ መታሁ።

ማታ ለጋሽ ተወልደ ስነግራቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ቶሎ ብለህ ጨርስና ውጣ። እዚያ ውስጥ ብዙ አትቆይ» አሉኝ። እሳቸው እንኳ መፍራታቸው አላስደሰተኝም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የቀሩኝ ሦስት ነበሩ። በኅዳር የለንደን ሰማይ ቀኑ ሳያልቅ ይጠቁራል፤ ከላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የሰው እግር ብቻ ሲያልፍ ይታያል። ከሦስቱ አንዱን ሣጥን ከፈትኩ። ማህደሩ የሚዘጋበት ቁልፍ የካፖርት ቁልፍ ነው፤ ቡናማ፣ ዳሩ የተሸረፈ። ያንን ቁልፍ ከአባቴ ካፖርት ላይ ፈትታ የተከለችው እናቴ ናት። ስትተክለው አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

ስንት ካፖርት አለ በዓለም ላይ፣ አልኩ ለራሴ። ብራናውን ስዘረጋ በቀይ ቀለም፣ ደብተራው እንደጻፈው፣ «ዕቀቦ ለገብርከ ተክለ አልፋ» ይላል። አገልጋይህን ተክለ አልፋን ጠብቀው ማለት ነው።

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። ማሽኑ ብቻ ያንጎራጉራል፤ አረንጓዴዋ መስመር ስም በሚገባበት ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቀኛለች።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ የሚዘገንን ነው። ከሬሳ አንገት ላይ ፈትተው ሸጡት አልኩ። ለጋሽ ተወልደ ያቀረብኩት ጥያቄ እነሆ መልሱ፤ ወንድሜ በእርግጥ ሞቷል። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እንደ ተቀመጥኩ ዓይኔ የካርዱ ርዝመት ላይ ወደቀ። አንድ ሜትር ከሰባ ስድስት ይላል። የእኔ ቁመት አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት ነው። ክታቡ ከእኔ ረዝሟል።

ተነስቼ በሜትር ለካሁት። ካርዱ ልክ ነው። ብራና አያድግም።

ጥቅልሉን እስከ ጫፉ ፈታሁት። ደብተራው የጻፈው ብራና እግሬ ሥር በሚደርሰው ቦታ ያበቃል። ከዚያ በታች አራት ጣት የሚሆን ወፍራም ወረቀት በሰማያዊ ክር ተሰፍቶበታል። ገለበጥኩት። ጀርባው በእንግሊዝኛና በአረብኛ የታተመ የስደተኛ ራሽን ካርድ ነው። በየሳምንቱ የተበሳው ቀዳዳ መብራቱን ያሳልፋል። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን እኔ የዳንኤልን አርባ ካወጣሁ ከስድስት ወር በኋላ ነበር።

ፊት ለፊቱን አዞርኩ። በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል። ሁለት ነጥቦቹ ነጥብ አይደሉም፣ ትንንሽ ቀለበቶች ናቸው። ዳንኤል እንደዚያ ስለሚጽፍ የኔታ ያልገረፉት ቀን አልነበረም።

«ዕቀቦ ለተክለ አልፋ በሀገረ ለንደን፤ ወዕቀቦ ለእኁሁ ወልደ ሰንበት በገዳሪፍ።»

ተክለ አልፋን በለንደን አገር ጠብቀው፤ ወንድሙን ወልደ ሰንበትን በገዳሪፍ ጠብቀው።

ወልደ ሰንበት የዳንኤል የክርስትና ስም ነው። የሞተ ወንድሜ እግሬ ሥር አራት ጣት ጨምሮ፣ እኔ በተቀመጥኩባት ከተማ ስም ጠርቶኛል። ምን እንደጮህኩ አላስታውስም። ሚስስ ሃርት ደረጃውን እየሮጠች ስትወርድ፣ ብራናውን ደረቴ ላይ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ከመርዶው ወዲህ እንቢ ያለኝ እንባ በአንዴ ወርዶ።

«ወንድሜ ነው» አልኳት። «አልሞተም። ማነው ያመጣው? ካርዱ ለምን አይናገርም?»

ካርዱ «ስጦታ፣ ሱዳን» ከማለት በቀር ምንም የለበትም። ሚስስ ሃርት የስጦታ መዝገቡን አውርዳ፣ ደንብ የሚከለክለውን አደረገች፤ የሰጪዋን ስልክ ፈልጋ ደወለች፣ መነጋገሪያውንም ለእኔ አቀበለችኝ። በወዲያኛው በኩል ሚስ ጆይስ የምትባል፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የሠራች ነርስ ነበረች።

«ረጅሙ ልጅ ነው የሰጠኝ» አለች። «አልሸጠልኝም። ወንድሜ ለንደን ነው፣ አድርሽልኝ አለኝ። ለንደን መንደር መሰለችው መሰለኝ። የስልክ መጽሐፍ አገላበጥኩ፣ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ጠየቅሁ፣ የሚነግረኝ አጣሁ። በመጨረሻ ሙዚየም ሰጠሁት። ቋንቋውን የሚያነብ ሰው ይኖራቸዋል፣ ያነበበ ሰው ደግሞ ለወንድሙ ይነግረዋል ብዬ አሰብኩ። ለተቀበለኝ ሰው ሁሉንም ነግሬዋለሁ።»

ነግራዋለች። ካርዱ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።

«መቼ ሰጠሻቸው?»

«ዘጠኝ ወር ይሆነዋል። እንዴት ነው ዓይኑ? ያኔ የዓይኑ ውስጥ ግፊት ከፍ ብሎ ነበር። ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ…» አለች።

ከዘጠኙ ወር ሰባቱን የበላሁት እኔ ነኝ። ያች ነርስ አንድ የሚያነብ ሰው ይኖራል ብላ ተማምና ነበር፤ ያ ሰው ነበረ፤ ሣጥኑን ሳይከፍት «አይታወቅም» ብሎ አልፏል።

በማግስቱ ሚስ ጆይስን ለማግኘት ክሮይደን ሄድኩ። ክሮይደን ለእኛ የስደተኛ ቃለ መጠይቅ ቦታ ናት፤ ስሟን መስማት እንኳ ያስፈራናል። ያን ቀን ግን ያ ሁሉ ፍርሃት ትዝ አላለኝም። እሷ ደብዳቤ ጻፈች፣ ጋሽ ተወልደ የማያውቁት ሰው ስላልነበረ በካርቱም በኩል መልእክት ሰደዱ። ዳንኤል ተገኘ። ወደ ሌላ እስር ቤት ሲያዛውሩት ከመኪና ዘሎ ማምለጡን፣ ጠባቂዎቹም ጥፋታቸውን ለመሸፈን ሞቷል ብለው ልብሱን መመለሳቸውን ቆይቶ ነው የነገረን። ለእናቴ «ልጅሽ አለ» የሚለው መልእክት ሲደርሳት የተመለሰላትን ልብስ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው ብለውኛል።

ከዓመት በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበለው፣ አንዲት የአየር መንገድ ሠራተኛ ክንዱን ይዛ አወጣችው። በድምፄ ነው ያወቀኝ። የለንደኑ ሐኪም ካየው በኋላ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ከስድስት ከሰባት ወር በፊት ቢታከም ኖሮ አንደኛው ዓይኑ ይተርፍ ነበር» አለኝ። ስድስትና ሰባት ያለው እሱ ነው፤ እኔ አልጠየቅሁትም።

ሙዚየሙ ውስጥ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሳልከፍት ያለፍኩት ሣጥን የለም። ሰው ስለ ዕቃው የተናገረው ሁሉ የሚገባበት ቦታ በመዝገቡ ላይ እንዲጨመር ስጨቃጨቅ ኖሬ በመጨረሻ ተጨምሯል። ማንም ቢያመሰግነኝ ግን ደስ አይለኝም። ምስጋናው የሚያርፍበትን ቦታ አውቃለሁ።

ለዳንኤል ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ክታቡን ያገኘሁበትን ቀን፣ ቁልፉን፣ ራሽን ካርዱን፣ ሁሉንም መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ መቶ ጊዜ ስቋል። ከዚያ በፊት ስለነበሩት ሰባት ወራት አላነሳሁም። ያን ረቡዕ ትክክለኛውን ስም ስመታ ኮምፒዩተሩ «የቀድሞው ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎን የሚለውን ተጫንኩ፤ አረንጓዴው ጽሑፍ ከዓይኔ ሲሰወር ከዓለምም የጠፋ መሰለኝ።

አልጠፋም። ሙዚየሙ አሁን ዕቃዎቹን ከነመዝገብ ታሪካቸው ኢንተርኔት ላይ አውጥቷል፤ የፈለገ ሰው ከቤቱ ሆኖ ያያል። ሳራም አባቷ ስለ ክታቡ ሲያወራ ሰምታ ፈልጋ አገኘችው። ከክታቡ ፎቶግራፍ ሥር፣ ከሁሉም በታች፣ የመጀመሪያው መዝገብ እንዳለ ተቀምጧል። ስም፦ አይታወቅም። ያስገባው፦ ቲ ደብሊው። እኔ ተሾመ ወልዴ።

አንባቢዎቼ፣ እናንተ ምን እንደምትሉኝ አላውቅም። አላውቅም ማለት ቀላል የሚመስላችሁ ካላችሁ ግን፣ ሣጥኑን ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ በሉት፤ ልለምናችሁ የምችለው ይህን ብቻ ነው።

ዳንኤል እዚሁ ለንደን፣ ሃርልስደን ነው የሚኖረው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሱ ቤት ሄጄ፣ የሰሞኑን ጋዜጣና መጽሔት አነብለታለሁ። ደህና አድማጭ ነው፤ አያቋርጠኝም። አንብቤ ስጨርስ ግን ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለችው፤ «ማነው የጻፈው?» ይለኛል።

የፊታችን እሁድ የማነብለት ይህንን ነው።